በየትኛው ቲዎሪ እንተንትነው?

ፊልም የሚያጠኑ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ ደጋግመው የሚያነሷት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ይህን ፊልም በየትኛው ቲዎሪ ብተነትነው ይሻላል?» ጥያቄዋ ጨዋ ትመስላለች። አማካሪውም አይከፋባትም። ፊልሙ ውስጥ የተበደለች ሴት ካለች ፌሚኒዝም፣ ጭሰኛና ባላባት ካሉ ማርክሲዝም፣ ሕልምና ቅዠት ከበዛበት ደግሞ ፍሮይድ ብሎ ያሰናብታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የታወቀ ነው። አንዱ ምዕራፍ የቲዎሪውን ታሪክ ይተርካል፤ ሌላው ምዕራፍ ከቲዎሪው ጋር የሚስማሙ ትዕይንቶችን ከፊልሙ እየለቀመ ይደረድራል፤ መደምደሚያው ፊልሙ «ፌሚኒስት ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይበይናል። የማይስማሙት ትዕይንቶች የት እንደ ገቡ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የፊልሙን ማጠቃለያ ያነበበ ሰው፣ ፊልሙን ራሱን ሳያይ ሊጽፈው ይችላል። ይህ ደግሞ ከተማሪው ስንፍና የመጣ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ወደዚያ ይነዳዋል።

ጥያቄው ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል። የፊልም ቲዎሪ ለፊልሙ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ፊልሙም «እንዲያ አይደለም» ብሎ የመመለስ ዕድል ሊኖረው ይገባል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ተማሪውን ምንም አያስተምረውም። ስለዚህ ተማሪው ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ፊልሙን ሲያይ የገረመውን ነገር ነው፦ ይህ ሾት ለምን ይህን ያህል ቆየ? ድምፁ ለምን ከምስሉ ቀደመ? ይህን ሰውዬ ለምን ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እናየዋለን? ቲዎሪው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ተቀናቃኙን አስከትሎ። ይህን የምለው ቲዎሪን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ይሰጥ ከሚሉት ወገን ነኝ። ጠቤ ከአሰጣጡ ጋር ነው።

ሙከራ የነበረው ነገር

ብዙ ተማሪ ቲዎሪን የሚያውቀው በስላይድ ላይ በነጥብ በነጥብ ተዘርዝሮ ስለሆነ፣ ካሜራ ነክቶ የማያውቅ ፈላስፋ ቢሮው ተቀምጦ የፈጠረው ይመስለዋል። አጀማመሩ ግን ከዚህ የራቀ ነው። በ1919 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው) ሞስኮ ውስጥ የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤት ሲከፈት አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ነበር፤ ጥሬ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም። ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ወጣት መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ጥሬ ፊልም የሌለበት «ፊልም» ይሠራ ጀመር። ተዋንያኑ ትዕይንቱን በሾት በሾት ከፋፍለው መድረክ ላይ ይጫወቱታል። እጃቸው የገባውን የሌላ ሰው ፊልም ደግሞ እየቆረጡ በሌላ ቅደም ተከተል መልሰው ይቀጥሉታል። ኩሌሾቭን ስመ ጥር ያደረገው ሙከራ የወጣው ከዚህ ልምምድ ነው። የተዋናዩ የኢቫን ሞዥኩኺን ስሜት የማይነበብበት ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር ተቀጠለ፤ ተመልካቹም ያንኑ አንድ ፊት እዚህ ጋ ተርቦ፣ እዚያ ጋ አዝኖ አገኘው ይባላል።

«ይባላል» የምለው በምክንያት ነው። ያ የሙከራ ፊልም ዛሬ የለም። ከፊቱ ቀጥሎ የታየው ምን ምን እንደ ነበረም ኩሌሾቭና ተማሪው ፑዶቭኪን የተረኩት አንድ አይደለም። በ1992 ስቲቨን ፕሪንስና ዌይን ሄንስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ሙከራውን እንደ ገና ቢሠሩት የተባለው ውጤት ሳይገኝ ቀረ፤ ከእነሱ በኋላ የሞከሩ ሌሎች ደግሞ አገኙት። ይህ ለተማሪ ከየትኛውም ትርጓሜ የበለጠ ትምህርት ነው። ዛሬ ስልክ ሳይዝ ክፍል የሚገባ ተማሪ እምብዛም የለም። የአንዱን ጓደኛቸውን ፊት ይቅረጹ፤ ከመሶብ፣ ከለቅሶ ድንኳን፣ ከሚቦርቅ ሕፃን ጋር እያፈራረቁ ይቀጥሉት፤ ነገሩን ለማያውቁ የሌላ ክፍል ተማሪዎች ያሳዩና ምን እንዳዩ ይጠይቁ። ውጤቱ ኩሌሾቭን ቢደግፍም ባይደግፍም፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቲዎሪ ሊፈተን የሚችል አባባል መሆኑን ያውቃሉ። «የኩሌሾቭ ኢፌክት ምንድን ነው? አብራራ» ለሚል የፈተና ጥያቄ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሁለት መስመር ሸምድዶ መግባት ይበቃል።

በኩሌሾቭ ዙሪያ የነበሩት ሰዎችም ቢሆኑ አልተስማሙም። ፑዶቭኪን ሾት ከሾት ጋር እየተያያዘ ሐሳብ ይገነባል ሲል፣ ሰርጌይ አይዘንስታይን ሐሳብ የሚወለደው ሾቶች ሲጋጩ ነው ብሎ ተሟገተ። «አድማ» በተሰኘው የ1925 ፊልሙ የሠራተኞች ጭፍጨፋ ከበሬ እርድ ጋር እየተፈራረቀ የሚታየው ለዚህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው አንድሬ ባዛን በተቃራኒው ቆመ። ቆርጦ መቀጠል ተመልካቹን እጁን ይዞ ይጎትተዋል፤ ረጅም ሾትና ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ብሎ የሚታይ ምስል ግን ዓይኑን ነፃ ይለቅለታል አለ። ክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚመቸው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» (1941) ነው። እናት የልጇን ዕጣ የሚወስነውን ወረቀት ፊት ለፊት ስትፈርም፣ ልጁ በመስኮቱ ባሻገር በሩቁ በረዶ ላይ ይጫወታል። ምንም ነገር አልተቆረጠም፤ ማንን እንደምናይ የምንመርጠው እኛ ነን፣ ቢያንስ ባዛን እንደሚለው። ባዛን በ1951 «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለውን መጽሔት ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በዚያ መጽሔት ላይ እየጻፉ ከሽማግሌዎቹ ዳይሬክተሮች ጋር ሲጣሉ የነበሩት ትሩፎና ጎዳር ናቸው አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ካሜራ አንሥተው የፈረንሳይን ሲኒማ የለወጡት። ቲዎሪና ሥራ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች የሚሰጡ ትምህርቶች ሆነው የተፈጠሩ አይደሉም።

«ይንቀራፈፋል» ከሚለው ቅሬታ ስንነሣ

እነዚህን ሰዎች ወደ አንድ ፊልም እንጥራቸው። የምመርጠው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1974 ዘውዳዊው ሥርዓት ሊወድቅ በሚንገዳገድበት ክረምት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች የተሠራ ነው። ለሕዝብ የቀረበው በ1976 ሲሆን ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ ደጁ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ የሚያዝና የሚሳደብ ባላባት አለ፤ መሬቱን የተነጠቀና እንደ እብድ የሚቆጠር ከበበ የሚባል ሰው አለ። ታሪኩ በጥቅሉ ይኸው ነው።

ወጣት ተመልካች ከዚህ ፊልም ሲወጣ መጀመሪያ የሚለው አይጠፋችሁም፦ «ይንቀራፈፋል።» መምህሩ በዚህ ጊዜ ፊቱን ያጠቁራል፤ ስለ ታላቅነቱ ማስተማር ይጀምራል። እኔ ግን ከዚህ ቅሬታ የተሻለ መነሻ አላየሁም። ይንቀራፈፋል ማለት ምን ማለት ነው? የትኛው ሾት? ስንት ሰከንድ? በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ሲሆን ነበር? ተማሪው ቅሬታውን ወደ ምልከታ እንዲለውጥ ከተገደደ በኋላ ባዛንን መጥራት ይቻላል። በዚህ ፊልም ሰዎች ሰፊውን ሜዳ ሲያቋርጡ ከሩቅ እናያቸዋለን፤ ካሜራው አይቸኩልላቸውም፤ አይቆርጥምም። በባዛን አነጋገር ከሄድን ዓይናችን ነፃ ነው። ታዲያ ተማሪው ለምን ነፃነት አልተሰማውም? ለምን የታሰረ መሰለው? እዚህ ላይ ፊልሙ ለባዛን መልስ እየሰጠ ነው። ጭሰኛው የማይጠብቀው ነገር የለም፤ ዝናቡን ይጠብቃል፣ የባላባቱን ቃል ይጠብቃል፣ አዝመራውን ይጠብቃል፤ ተመልካቹም አብሮ እንዲጠብቅ ተፈርዶበታል። ባዛን ነፃነት ያገኘበት ያው ረጅም ሾት እዚህ ፊልም ውስጥ ግዞት ሆኗል። ቴክኒኩ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ባዛንን አልጣለም፤ የባዛን አባባል እስከ የት እንደሚያስኬድ ለካው እንጂ።

ቀጥሎ የሚጠራው ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል በ1962 ወደ አሜሪካ ሄደው፣ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2010 ሕልፈታቸው ድረስ ፊልም ያስተማሩ ምሁር ናቸው። በ1982 ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም የመስኩ መሠረታዊ ጽሑፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጡ ስሞችን በቃሉ የሚያነበንብ የኛ ተማሪ ስለ እሳቸው ሲጠየቅ የሚያፈጥጥ ከሆነ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ያዘጋጀው ሰው ሊያፍር ይገባዋል። የተሾመ ክርክር ከባዛን ሌላ ነው። በሦስተኛው ዓለም ፊልሞች ዝግታ የሚመጣው ከሕዝቡ የጊዜ ስሜትና ከአኗኗሩ ምት ነው ይላሉ። ሆሊውድ ሁለት ቦታ የሚሆነውን ነገር እያፈራረቀ የሚያሳየው ልብ ለማንጠልጠል ነው፤ እዚህ ግን ማፈራረቁ ነገሮቹ በአንድ ጊዜ መሆናቸውን ለማሳየት ያገለግላል። ክሎዝ አፕም ይቆጠባል፤ ፊትን ከአካባቢው ነጥሎ ማሳየት ሰውን ከማኅበረሰቡ መነጠል ነውና። ጀግናው ግለሰብ ሳይሆን ሕዝብ ነው።

ለ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይህ ልክ ይመስላል፤ ዝግታውን ከባዛን በተሻለ ያስረዳል። ለተማሪው ግን ከዚህ ቦታ ላይ ቆሞ «ስለዚህ ፊልሙ የሦስተኛው ዓለም ሲኒማ ፊልም ነው» ብሎ መፈረም አይፈቀድለትም። ከበበን ይመልከት። ፊልሙን ያየ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው እሱን ነው፤ እብድ ሲሉት እውነት የሚናገረውን፣ በመጨረሻም ባላባቱን በዱላ ደብድቦ የሚገድለውን። ሕዝቡ አይደለም የገደለው። አንድ ሰው ነው፤ ያውም ከሕዝቡ የተገለለ ሰው። ታዲያ ጀግናው ሕዝብ ነው የሚለው አባባል የት ደረሰ? አንዱ ተማሪ ከበበ የሁሉም ቁጣ አፍ ነው ብሎ ተሾመን ሊከላከል ይችላል። ሌላው ደግሞ ፊልሙ ስለ ሕዝባዊ ዐመፅ ተስፋ ስላልነበረው አንድ ብቸኛ ሰው ፈለገ ሊል ይችላል። የክፍሉ ክርክር የሚሞቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ወደ ፊልሙ ተመልሰው ማየት ይኖርባቸዋል።

ለአይዘንስታይን የሚቀርበው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ነው። በፊልሙ አንድ የሕልም ትዕይንት አለ፦ ሰዎች ቀንበር ተጭነው እንደ በሬ ያርሳሉ፤ ባላባቱ ከኋላ ሆኖ ይነዳቸዋል። ሐሳቡ ከ«አድማ» ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሰውን ከብት ያደርጉታል። አሠራሩ ግን አይገናኝም። አይዘንስታይን ሰውን በአንድ ሾት፣ በሬውን በሌላ ሾት አድርጎ ማገናኘቱን ለተመልካቹ አእምሮ ይተዋል። ኃይሌ ሁለቱን በአንድ ፍሬም ውስጥ አጋጥመዋቸዋል፤ መቁረጥ አላስፈለጋቸውም። የትኛው ይበረታል? እዚህ ላይ አይዘንስታይን ራሱ ምስክር ይሆናል። ያ የእርድ ትዕይንት በሁሉም ተመልካች ላይ እንዳልሠራ፣ ከብቱን በእጁ ማረድ የለመደ ገበሬ በእርድ እንደማይደነግጥ በዚያው በ1925 ጽፏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሞንታዥ (የሾት ቅጥል) ሊቅ የሚባለው ሰው ትርጉም የሚፈጠረው በሾቶቹ ግጭት ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት በመጣው ኑሮም ጭምር መሆኑን እያመነ ነው። የኃይሌ ምስል ደግሞ የተነጣጠረው ቀንበርን በሚያውቅ ሰው ላይ ነው። ለሩሲያው ገበሬ እርድ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ አላስደነገጠም፤ ለእኛ አገር ገበሬ ቀንበር የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ ነው የሚያስደነግጠው። ለምን እንዲህ ሆነ? ከብት ማረድን ማየትና ራስህን በቀንበሩ ቦታ ማየት ስለሚለያዩ ይሆን? አንድ ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወጣው ጥያቄ ይኸውላችሁ፤ «ፊልሙ በማርክሲስት ቲዎሪ ሲተነተን» ከሚለው ርእስ ግን በፍጹም አይወጣም።

ማን ነው የሚያየው?

በ1975 እንግሊዛዊቷ ሎራ መልቪ «ስክሪን» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣችው ድርሰት ከፊልም ቲዎሪ ጽሑፎች እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ፣ የዚያኑ ያህልም የተጎሳቆለ ነው። አባባሏ ሲቀልል ይህ ነው፦ በጥንታዊው ሆሊውድ ፊልም ውስጥ የሚያየው ወንድ ነው፤ ሴቷ የምትታይ ናት፤ ካሜራውም የወንዱን ዓይን ተውሶ ይሠራል። የኛ ተማሪዎች ይህን «ሴቶች በፊልም ውስጥ ተጨቁነዋል» ወደሚል አጠቃላይ ቅሬታ ያወርዱታል። መልቪ ግን የጠየቀችው ስለ ካሜራ ነው። የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲዎችን ውሰዱና ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እንደምትገባ ብቻ ተመልከቱ። ካሜራው ከጫማዋ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣባቸው አሉ፤ ወንዱ አፉን ከፍቶ ሲያይ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ወንዱ ግን እንዲህ ገብቶ አያውቅም፤ እየሮጠ፣ እየተጣላ፣ እየተሳሳተ ነው የሚገባው። በነገራችን ላይ እነዚህን ኮሜዲዎች ከቲዎሪ ክፍል ማባረር ትልቅ ጥፋት ነው። ባለ ትልቅ በር ቪላ፣ በሩ ላይ የሚያስቅ ዘበኛ፣ ማንነቱን የዋሸ ደሃ ወጣት እየተደጋገመ የሚመጣው ያለ ነገር አይደለም። የዘውግ ቲዎሪ ለዚህ ድግግሞሽ የተሠራ ጥያቄ አለው፦ ተመልካቹ ደጋግሞ ለማየት የሚከፍልበት፣ ከኑሮው ያልተፈታለት ቋጠሮ የቱ ነው?

ወደ መልቪ ልመለስና፣ የኃይሌን «ሳንኮፋ» (1993) አቅርቡላት። ፊልሙ ሲጀምር በጋና ጠረፍ፣ ባሮች ይጋዙበት በነበረ ምሽግ አጠገብ፣ ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ለነጭ ፎቶ አንሺ እየተገለባበጠች ትነሣለች። የመልቪ ድርሰት ሁሉ በዚህ ትዕይንት ላይ አለ ያሰኛል። ቀጥሎ ግን ሞና ወደ ምሽጉ ውስጥ ትገባና ወደ ኋላ ዘመን ተነጥቃ ሾላ የምትባል ባሪያ ትሆናለች። ፊልሙ የፎቶ አንሺው ዓይን የወንድ ዓይን ብቻ እንዳልሆነ እያለ ነው፤ የገዢም፣ የነጋዴም ዓይን ነው። የመልቪ ድርሰት ለዚህ ቦታ የለውም። በ1992 ጥቁር አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስ ያነሣችው ተቃውሞም ይኸው ነበር፦ «ተመልካች» ሲባል ጥቁሯ ሴት የት አለች? እሷ የሆሊውድን ፊልም ስታይ ተታልላ ብቻ አይደለም፤ እየተቃወመችም ታያለች። መልቪም ራሷ በ1981 ስለ ሴት ተመልካች ወደ ጥያቄዋ ተመልሳበታለች። ተማሪው ይህን ጭቅጭቅ እንደ ጭቅጭቅ ካልተማረው፣ የ1975ቱን ድርሰት እንደ ሕግ አንቀጽ ነው የሚጠቅሰው።

«ሳንኮፋ» ሌላም ነገር ያስተምራል። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አንቀበልም ሲሉ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ከከተማ ከተማ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ለጥቁሩ ማኅበረሰብ አሳዩት። ይህን እንደ ሕይወት ታሪክ ማሳመሪያ ብቻ የሚያይ ተማሪ አንድ ትልቅ ቲዎሪ አልፎት ይሄዳል። አርጀንቲናውያኑ ሶላናስና ጌቲኖ በ1969 ስለ ሦስተኛው ሲኒማ ሲጽፉ ፊልሙ የሚታይበትን ሁኔታ ከፊልሙ አልነጠሉም፤ «የእቶኖቹ ሰዓት» የተባለው ከአራት ሰዓት በላይ የሚወስድ ፊልማቸው በድብቅ ሲታይ ለውይይት መሐል ላይ ይቆም ነበር። እኛ ዘንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቡና እየተቀዳ፣ እየተወራ፣ ማስታወቂያ እያቋረጠው የሚታየው ተከታታይ ድራማ በየትኛው የተመልካች ቲዎሪ ይጠና? በጨለማ አዳራሽ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው የተጻፈው የሥነ ልቡና ቲዎሪ እዚህ ሳሎን ሲገባ ምኑ ይቀራል? ይህን የምጠይቀው በቀልድ አይደለም።

ተቃዋሚዎቹ የያዙት እውነት

ፊልም ሠሪዎቹ «ቲዎሪ እንጀራ አይሆንም» ይላሉ። ተማሪው የሚያስፈልገው መብራት ማቆም፣ ድምፅ መቅዳት፣ ስክሪፕት መጻፍ ነው፤ ሰዓቱ ውስን ነው፤ ሲመረቅ የሚጠብቀው ማስታወቂያ፣ ሠርግና ተከታታይ ድራማ ነው። ስለ ሰዓቱ እውነታቸውን ነው፤ ባዛንን ማንበብ የመብራት ጥላ አያስተካክልም። ግን «እዚህ ጋ ልቁረጥ ወይስ ልተወው?» የሚለውን ጥያቄ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ በየሰዓቱ የሚጠይቅ ሰው ከባዛንና ከአይዘንስታይን ጋር እየተከራከረ ነው፤ ክርክሩ ከእሱ በፊት መደረጉን ስላላወቀ ብቻ ከዜሮ ይጀምራል። የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚያሸንፈው ቲዎሪ ከሾት ተለይቶ ሲሰጥ ነው፤ ያን ጊዜ ከፊልም ሠሪዎቹ ጋር ነኝ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል፤ የመጣው ከፊልም ምሁራን ነው። ዴቪድ ቦርድዌል በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የፊልም ትርጓሜ የራሱ ልማድ ያለው ፋብሪካ ሆኗል፤ ከየትኛውም ፊልም አስቀድሞ የታወቀ ትርጉም ይወጣል አለ። በ1996 ከኖኤል ካሮል ጋር ባዘጋጀው «ፖስት ቲዎሪ» ደግሞ ሁሉን በአንድ ጊዜ ላስረዳ የሚለው ትልቁ ቲዎሪ፣ በተለይ ፈረንሳዊውን የሥነ ልቡና ተንታኝ ላካንን ተንተርሶ የመጣው፣ ይቅርና በትንንሽ፣ ሊፈተኑ በሚችሉ ጥያቄዎች እንሥራ ብለው ተነሡ። ከዚህ ክስ አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ የኛ የመመረቂያ ጽሑፎች ያው ፋብሪካ በአነስተኛ ካፒታል ናቸው። የማልቀበለው፣ ትንንሾቹ ጥያቄዎች ንጹሕ ናቸው የሚለውን መንፈስ ነው። የሾት ርዝመት መለካት ጥሩ ነው፤ ሞናን ማን እያያት እንደሆነ ግን የሰዓት ቆጣሪ አይነግረንም። ትልቁን ጥያቄ ያነሡት መልቪና ተሾመ ናቸው፤ የቦርድዌል ዲሲፕሊን የሚጠቅመው መልሱን ስንፈትሽ ነው።

ሦስተኛው የአገር ቤት ተቃውሞ ነው። ቲዎሪው ከውጭ የመጣ ስለሆነ በራሳችን መነጽር እንይ፣ ሰምና ወርቅ እያለን፣ አንድምታ እያለን ይባላል። በአንድ በኩል ልክ ነው። አንድምታ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በተለያየ መንገድ መተርጎሙ፣ ተቀናቃኝ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን የማስቀመጥ ልማድ መሆኑ፣ እኔ ለክፍሉ ከምፈልገው ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን አንድምታ ትርጓሜውን ያስቀምጣል እንጂ አንዱ ሌላውን እንዲጥለው አያዋጋም፤ ዓላማውም ያ አይደለም። ሰምና ወርቅም ለቃል የተሠራ ነው። የሾት ሰሙ ምኑ ነው? ከሩቅ የሚታየው ሜዳ ሰም ከሆነ ወርቁን ማን ፈታው? ይህን ሳይመልሱ «በሰምና ወርቅ ሲተነተን» ብሎ ርእስ ማውጣት ፊልሙ ላይ የሚመታውን ያንኑ የቲዎሪ ማኅተም ቀለሙን ለውጦ መምታት ነው። ከዚህ ይልቅ የተሾመ ገብርኤል ምሳሌ ይሻለኛል። እሳቸው ከፀረ ቅኝ ግዛት ጸሐፊው ከፍራንዝ ፋኖን የተነሡ ናቸው፤ የሦስተኛው ዓለም ሲኒማ በመምሰል፣ በማስታወስና በመታገል ደረጃዎች እንደሚያልፍ ሲጽፉ የፋኖንን ሐሳብ ነው ወደ ፊልም ያመጡት። ከውጭ የመጣውን ሐሳብ ካወቋቸው ፊልሞች ጋር አጋጥመው የራሳቸው አድርገውታል፤ በደረጃዎቹ መካከል የሚዋልሉ ፊልሞች እንዳሉም አልሸሸጉም። የኃይሌ «ጤዛ» (2008) ቢቀርብላቸው ምን ይሉ ነበር እላለሁ፤ አንበርብር ከጀርመን አካሉ ጎድሎ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚያስታውሰው ትግሉን ነው፤ ማስታወሱ ከትግሉ በኋላ መጥቷል።

ክፍሉ ውስጥ

እንግዲህ የትምህርቱ አሰጣጥ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ፊልሙ መጀመሪያ ያለ ምንም ንባብ ይታይ። በሚቀጥለው ጊዜ የሦስት ደቂቃ ትዕይንት ተመርጦ ተማሪዎቹ ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይጻፉ፤ «ያሳያል»፣ «ያመለክታል» የሚሉ ቃላት የተከለከሉ ይሁኑ። አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው፣ አንድ ጊዜ ምስሉን ሸፍነው ይድገሙት። ቲዎሪው የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፦ ባዛን ከአይዘንስታይን፣ መልቪ ከቤል ሁክስ፣ ተሾመ ከቦርድዌል። ለመጀመሪያው ዓመት እነዚህ ይበቃሉ። ላካንን አሳድራለሁ። የክርስቲያን ሜትዝን የሲኒማ ሥነ ምልክትም አሳድራለሁ፤ የሚቆጡ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሦስት ፊልም በቅጡ አይቶ ያልጨረሰ ተማሪ የሾት ቅንጅት ሠንጠረዥ ቢሸመድድ ምን ያደርግለታል?

ፈተናውም መለወጥ አለበት። ተማሪው አይቶት የማያውቀው የሦስት ደቂቃ ትዕይንት ይታየውና ከሁለቱ ተቀናቃኞች የትኛው እንደሚሻል፣ የሚሻለውም እንኳ የት ላይ እንደሚከሽፍ ይጻፍ። «ባዛን እዚህ አይሠራም፤ ምክንያቱም ይህ ሾት...» ብሎ ሾቱን በትክክል የገለጸ ተማሪ የባዛንን ሐሳብ አስተካክሎ ከተረከው ተማሪ የበለጠ ነጥብ ይገባዋል። ይህን የሚያርም መምህር ራሱ ትዕይንቱን ደጋግሞ ያየ መሆን ስላለበት ሥራው ይበዛል፤ ትርጓሜን ማረም ይቀላል። የመጨረሻው እንቅፋት ደግሞ የሬጅስትራር ነው። የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም በአምሳ አምሳ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ተቆራርጦ፣ ሰኞ ተጀምሮ ሐሙስ የሚያልቅ ከሆነ ስለ ረጅም ሾት ማስተማር አይቻልም። ለቲዎሪ ኮርሱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያልተቆረጠ የአራት ሰዓት ክፍለ ጊዜና መጋረጃው በደንብ የሚዘጋ ክፍል ይመደብለት።